የቁኑት ክርክርና አደቡ

ሱብሒ ሶላት ላይ ኢማሙ ከሁለተኛው ረከዓ ሩኩዕ ቀና ብሎ እጁን ለቁኑት ዱዓ ሲያነሣ፣ ጅግጅጋ ውስጥ አብዛኛው ሰጋጅ አብሮት ያነሣና «አሚን» ይላል። አንዳንዱ ግን እጁን ወደ ታች ለቆ ዝም ይላል። ሶላቱ ካለቀ በኋላ ነገሩ ሻይ ቤት ድረስ ይከተላቸዋል። «ቢድዓ ነው» ይላል አንዱ፤ «ታዲያ አባቶቻችን ሁሉ ተሳስተው ነበር?» ይላል ሌላው። በአውበሬም በቶጎ ውጫሌም የሚሰማው ይኸው ነው።

መከራከሩ አያስከፋም። ስለ ሶላቱ የማይቆረቆር ሰው ይብሳል። ቁርኣን በሱረቱ ነሕል 125ኛው አንቀጽ ሙግትን አልከለከለም፤ በመልካሙ መንገድ ይሁን አለ እንጂ። እንግዲህ መንገዱን እንማር።

አስቀድመን ጉዳዮቹን እንለይ። የአምስቱ ወቅት ሶላት፣ የረመዳን ጾም፣ የዘካ ግዴታነት በቁርጥ ማስረጃ የጸኑ ናቸውና ለክርክር አይቀርቡም። የሱብሒ ቁኑት ግን ዑለማዎች ማስረጃ መዝነው የተለያዩበት ነው። ሻፊዒዮች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዱንያን እስኪለዩ ድረስ ቁኑትን አልተዉም የሚለውን የአነስ ሐዲስ ይይዛሉ። ሐነፊዮችና ሐንበሊዮች የዚህ ሐዲስ ሰነድ ደካማ ነው ይላሉ፤ ነቢዩ አንድ ወር ቁኑት አድርገው እንደተዉት ራሱ አነስ ማስተላለፉንም ያነሣሉ። ሻፊዒዮች ለዚህም መልስ አላቸው፤ የተተወው በዚያ ወር በአንዳንድ ጎሳዎች ላይ የተደረገው እርግማን ነው እንጂ ቁኑቱ አይደለም ይላሉ። ባዶ እጁን የመጣ ወገን የለም።

ስለዚህ ከመሞገታችሁ በፊት የተከራካሪያችሁን ማስረጃ፣ እሱ ራሱ «አዎ፣ የምለው ይህንን ነው» እስኪል ድረስ አሟልታችሁ ተናገሩ። በሻፊዒይ ደርሶች ዘንድ የታወቀው የኢማም ነወዊ «ሚንሃጅ» ይህንን ያስተምራል። ከኢማም ሻፊዒይ ሁለት ቃሎች አንዱን ሲመርጡ፣ የተተወው ቃል ብርቱ ከሆነ የተመረጠውን «አዝሀር» ይሉታል፤ የተተወው ደካማ ከሆነ ደግሞ «መሽሁር» ይሉታል። ደረሳው የሚይዘውን ብቻ ሳይሆን የተወው ምን ያህል እንደሚመዝንም አብሮ ይማራል። ይህንን ኪታብ ቀርቶ የሌላውን ሐሳብ የሚንቅ ሰው፣ ለእኔ ገና አልቀራውም።

የመዝሀቡ ባለቤትም እንዲሁ ነበሩ። ኢማም ሻፊዒይ ባግዳድ ሳሉ የሰጡትን ብዙ ብይን ግብፅ ከገቡ በኋላ እንደገና መርምረው ለወጡት፤ «ሪሳላ» የተባለውን ኪታባቸውንም ዳግመኛ ጻፉት። መዝሀቡ ዛሬም ድረስ «ቀዲም» (የቀድሞው) እና «ጀዲድ» (አዲሱ) እያለ የሚለየው ከዚህ የተነሣ ነው። በ204 ዓመተ ሂጅራ እስኪሞቱ ድረስ ማስረጃ ሲመጣላቸው ቃላቸውን ከማንሣት አላፈሩም። በእሳቸው ስም ቁኑትን የሚሟገት ሰው ይህንንም አብሮ ይውረስ።

ይህን ስላችሁ አቋማችሁን ልል አድርጉት ማለቴ አይደለም። ኢማም ሻፊዒይ ከኢራቁ ሊቅ ከሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን ቀርተዋል፣ አጥብቀውም ሞግተዋቸዋል፤ ውለታቸውን ግን አልካዱም። ግብፃዊው ደረሳቸው ዩኑስ አስ-ሰደፊ እንዳወራው፣ አንድ ቀን እሱና ኢማሙ ተከራክረው ሳይስማሙ ተለያዩ። ኋላ ሲገናኙ ኢማሙ እጁን ያዙትና፣ በአንድ ጉዳይ ባንስማማ እንኳ ወንድማማች ሆነን መኖር አይቻለንም ወይ ሲሉ ጠየቁት።

የሶማሌ አገር ለዚህ ባዕድ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ዩኔስኮ ለኢትዮጵያ፣ ለጅቡቲና ለሶማሊያ በጋራ የመዘገበው የኢሳዎች ሔር (ባሕላዊ ሕግ) ሳይጻፍ የኖረው ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ተደማምጠው ስለሚመክሩበት ነው።

አሁን ወደ ሰፉ እንመለስ። ቁኑትን የማትቀበል ሆነህ ኢማሙ ካደረገ፣ ከሐንበሊዮቹ ኢማም ከአሕመድ እንደተላለፈው ተከተለውና ለዱዓው አሚን በል። የሻፊዒይ ደረሳ ሆነህ ኢማሙ ከተወው ደግሞ፣ አሳጥረህ አድርገህ በመጀመሪያው ሱጁድ የምትደርስበት ከሆነ አድርግ፤ ካልሆነ ትተህ አብረኸው ውረድ። ጥያቄ ካለህ ከሶላት በኋላ፣ ለብቻው፣ ሰላምታ አስቀድመህ ጠይቀው።