ዩሪያ በመኪና ውስጥ፦ የናፍጣ ጭስ ማጽጃ ፈሳሽን በራስ እጅ መሙላት

ዩሪያ የሚለው ቃል በአገራችን በመጀመሪያ የሚያስታውሰን ማዳበሪያን ነው። በማሳ ላይ የሚበተነው ነጭ ፍሬ ለሰብሉ ናይትሮጅን ይለግሳል። ይኸው ውሁድ በንጹሕ ውሃ ሲሟሟ ግን በዘመናዊ የናፍጣ መኪኖች ውስጥ ሌላ ተግባር ይሰጠዋል፤ ይኸውም ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ከመርዘኛ ጋዞች ማጽዳት ነው።

ፈሳሹ በአውሮፓ «አድብሉ» በሚል ስም ይታወቃል፤ ስያሜው የጀርመን የአውቶሞቢል ኢንዱስትሪ ማኅበር የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነው። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ «ዲ.ኢ.ኤፍ.» ይባላል። በጀርመን አገር የናፍጣ መኪና የሚያሽከረክር ሰው ፈሳሹ ሊያልቅ 2400 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው በዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ያያል። ለዚህ ሲባል ጋራዥ መሄድ ግድ አይደለም፤ ጀሪካን ገዝቶ በራስ እጅ መሙላት የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ምን፣ የት እንደሚጨመር ለይቶ አለማወቅ ውድ የሆነ የመኪና ክፍል ያበላሻል። ስለዚህ ከአሞላሉ በፊት ኬሚስትሪውን እንመልከት።

የችግሩ መነሻ

ከምንተነፍሰው አየር 78% ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ሁለቱ የናይትሮጅን አቶሞች በጠንካራ ሦስትዮሽ ቦንድ የተያያዙ በመሆናቸው በተለመደው ሙቀት ከኦክስጅን ጋር አይዋሐዱም። በናፍጣ ሞተር ሲሊንደር ውስጥ ግን የነበልባሉ ሙቀት ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ ናይትሪክ ኦክሳይድና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራሉ። እነዚህ ጋዞች የመተንፈሻ አካላትን ይጎዳሉ፤ በፀሐይ ብርሃን አማካይነት በከተማ አየር ውስጥ ኦዞን እንዲፈጠር ምክንያት ይሆናሉ፤ ለአሲድ ዝናብም አስተዋጽኦ ያደርጋሉ።

የቤንዚን መኪና ጭስ ትርፍ ኦክስጅን ስለሌለው በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በካታሊስት እየተረዳ ኦክስጅኑን ከናይትሪክ ኦክሳይድ ይነጥቃል። የናፍጣ ጭስ ግን ብዙ ነጻ ኦክስጅን ይዞ ይወጣል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ከዚያ ጋር መዋሐድ ይቀለዋል። ስለዚህ በኦክስጅን መካከልም ቢሆን ናይትሪክ ኦክሳይድን ለይቶ የሚያጠቃ ንጥረ ነገር ያስፈልጋል። ይህም አሞኒያ ነው።

ከዩሪያ ወደ አሞኒያ

አሞኒያ መርዘኛ ጋዝ በመሆኑ በመኪና ይዞ መዞር አደገኛ ነው። ዩሪያ አሞኒያን በውስጡ ሸሽጎ የሚያጓጉዝ፣ ለአያያዝ የማያሰጋ ውሁድ ነው። ፈሳሹ በጋለው ጭስ ላይ በረቂቁ ሲረጭ ውሃው ይተናል፤ አንድ የዩሪያ ሞለኪውል ከአንድ የውሃ ሞለኪውል ጋር ተጸግብሮ ሁለት የአሞኒያና አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ይሰጣል። ቀጥሎ ሙቀቱ 200 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ በሆነ ካታሊስት ላይ አራት የአሞኒያ፣ አራት የናይትሪክ ኦክሳይድና አንድ የኦክስጅን ሞለኪውሎች ተገናኝተው አራት የናይትሮጅንና ስድስት የውሃ ሞለኪውሎች ይሆናሉ። መርዙ ወደ ተራ አየርና ወደ እንፋሎት ተለወጠ ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። የአንድ ሞል ዩሪያ ክብደት 60 ግራም ሲሆን ሁለት ሞል አሞኒያ ይሰጣል። ይህም ሁለት ሞል ናይትሪክ ኦክሳይድ፣ ማለትም 2 ጊዜ 30 ግራም፣ ያስወግዳል። እንግዲህ አንድ ኪሎ ግራም ዩሪያ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ አንድ ኪሎ ግራም ናይትሪክ ኦክሳይድ ያጠፋል። የፈሳሹ እፍግታ በሊትር 1.09 ኪሎ ግራም ያህል በመሆኑ 10 ሊትሩ 10.9 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 32.5% የሚሆነው፣ ይኸውም 3.5 ኪሎ ግራም ያህሉ፣ ዩሪያ ነው። አንድ ጀሪካን የሞላ ሰው ሰዎች ከሚተነፍሱት አየር ላይ 3.5 ኪሎ ግራም መርዝ ሊያስቀር ነው።

32.5% የተመረጠውም በአጋጣሚ አይደለም። የዩሪያና የውሃ ድብልቅ የመጨረሻውን ዝቅተኛ የመርጊያ ሙቀት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 11 ዲግሪን፣ የሚይዘው በዚህ ውህደት ነው። ከዚህም በላይ ውሃውና ዩሪያው አብረው ስለሚረጉ በረዶው ሲቀልጥ የድብልቁ መጠን አይዛባም።

አሞላሉ

1. የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይታያል። የመሙያው ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ክዳን ያለው ሲሆን በናፍጣ መሙያው አጠገብ፣ በኮፈኑ ሥር ወይም በዕቃ መጫኛው ክፍል ውስጥ ይገኛል።

2. በጀሪካኑ ላይ አይ.ኤስ.ኦ. 22241 የሚለው የጥራት ደረጃ መጻፉ፣ ማሸጊያውም አለመከፈቱ ይረጋገጣል። ፈሳሹ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ሲቀመጥ አንድ ዓመት ያህል ይቆያል።

3. መኪናው ሜዳ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ጓንት ይደረጋል። ክዳኑ ሲከፈት የአሞኒያ ሽታ ሊኖር ስለሚችል ቦታው አየር የሚዘዋወርበት ይሁን።

4. ከጀሪካኑ ጋር የሚመጣው ቱቦ ተገጥሞ ፈሳሹ በዝግታ ይፈስሳል። ፈሳሹ ሲረጋ መጠኑ 7% ያህል ስለሚጨምር ማጠራቀሚያውን እስከ አፉ መሙላት አይገባም።

5. የፈሰሰ ጠብታ ካለ ወዲያውኑ በውሃ ይታጠባል። ካልታጠበ ውሃው ተንኖ ነጭ የዩሪያ ክሪስታል ይቀራል፤ መዳብንና አሉሚኒየምንም ይበላል።

ማስጠንቀቂያው ወዲያው ባይጠፋ አያስደነግጥም፤ አንዳንድ መኪኖች የተጨመረው ጥቂት ሊትር ካልሞላ አይገነዘቡትም። ማስጠንቀቂያውን ችላ ያለ ሰው ግን ቆጠራው ዜሮ ሲደርስ ችግር ይገጥመዋል። በመንገድ ላይ ያለ ሞተር አይቆምም፤ አንዴ ከጠፋ በኋላ ግን ፈሳሽ ካልተጨመረ ዳግም እንዳይነሳ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ሦስት ከባድ ስህተቶች

የመጀመሪያው ፈሳሹን በናፍጣ ማጠራቀሚያ ውስጥ መጨመር ነው። ከናፍጣ ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ፓምፑም በቅድሚያ እርሱን ይስባል። ይህን ስህተት የሠራ ሰው ሞተሩን ማስነሳት ቀርቶ ቁልፉንም ማዞር የለበትም፤ መኪናው ተጎትቶ ማጠራቀሚያው መታጠብ አለበት።

ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። በፈሳሹ ማጠራቀሚያ ውስጥ የገባ ናፍጣ የጎማ ማሸጊያዎችን ያበላሻል፤ በጥቂቱም ቢሆን ችላ ሊባል አይገባም።

ሦስተኛው በተለይ ፈሳሹ ሲወደድ የሚመጣ ፈተና ነው፤ ማዳበሪያን በቧንቧ ውሃ አሟሙቶ መጠቀም። እ.ኤ.አ. በ2021 ቻይና የዩሪያ ኤክስፖርቷን ስትገድብ ደቡብ ኮሪያ ከባድ የፈሳሽ እጥረት ገጥሟት ነበር። የጭነት መኪኖች እንዳይቆሙ ተሰግቶ በኅዳር ወር የአየር ኃይል አውሮፕላን ወደ አውስትራሊያ ተልኮ 27 ሺህ ሊትር አመጣ። ማዳበሪያ ዩሪያ የችግሩ መፍትሔ የማይሆነው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው በንጽሕናው ላይ ነው። ሁለት የዩሪያ ሞለኪውሎች ሲጣመሩ የሚፈጠረው ባዩሬት በደረጃው መሠረት ከ0.3% መብለጥ የለበትም፤ በማዳበሪያ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ 1% ይደርሳል። ማዳበሪያው እንዳይጋገር የሚታከልበት ፎርማልዴሃይድም አለ። ካልሲየምና ፎስፌት እያንዳንዳቸው በኪሎ ግራም ከ0.5 ሚሊ ግራም በላይ አይፈቀዱም፤ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ግን ካልሲየም ብቻ በሊትር በአሥር ሚሊ ግራሞች የሚቆጠር ሊሆን ይችላል። እነዚህ ቆሻሻዎች የመርጫውን ቀዳዳ ይደፍናሉ፤ የካታሊስቱንም ገጽ ሸፍነው ያመክኑታል። ስያሜው አንድ የሆነ ኬሚካል በንጽሕናው መጠን ሁለት የተለያየ ዕቃ እንደሚሆን ከዚህ እንረዳለን። ለበቆሎው የበቃ ዩሪያ ለካታሊስቱ መርዝ ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. አንድ መኪና በ1000 ኪሎ ሜትር 1.5 ሊትር ፈሳሽ ቢጠቀም 12 ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬደዋል? በንድፈ ሐሳብ ደረጃስ ምን ያህል ናይትሪክ ኦክሳይድ ያስወግዳል?

2. ሞተሩ ገና ባልሞቀበት አጭር የከተማ ጉዞ የጽዳቱ ሥራ የሚዳከመው ለምንድን ነው?

3. ዝናብ የገባበት ጀሪካን ውስጥ ያለ ፈሳሽ የዩሪያው መጠን ወደ 25% ቢወርድ የመርጊያ ሙቀቱ ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ ይላል? መልስህን አስረዳ።