ራጅ የማያሳየው ሕመም

አስቀድሜ የምናዘዘው ነገር አለ። እኔ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ነኝ እንጂ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም። ስለዚህ «ይህ ልጅ ባልዋለበት ገብቶ ምን ያወራል?» የሚል ወንድም ቢነሣ አልቀየመውም። ዳሩ ግን ስለ ሕመም ለመጻፍ ያነሣሣኝ የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ሳይሆን የአክስቴ ወገብ ነው። መጻሕፍቱን ያገላበጥሁት ከዚያ በኋላ ነው። የሳትሁት ቢኖር የሕክምና ፋኩልቲ ጓደኞቻችን በሚቀጥለው እትም ያርሙኝ።

አክስቴ ከሃያ ዓመት በላይ በካዛንቺስ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ የኖረች ሴት ናት። ሌሊት ተነሥታ ሊጥ ማንሣት፣ ምጣድ ላይ ማጎንበስ፣ ጢስ መዋጥ የዘወትር ሥራዋ ነበር። ወገቧን ማመም ከጀመራት እነሆ ሰባት ዓመት አለፈ። በመጀመሪያ «ብርድ ነው» ተባለ። ከዚያ ወጌሻ አሻት፤ ከዚያ በዋግምት ታገመች፤ ከዚያም ጸበል ተጠመቀች። በመጨረሻ ወደ አንድ ሐኪም ቤት ሄዳ ራጅ ተነሣች። ወጣቱ ሐኪም ራጁን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና፣ «እማማ፣ ምንም የለብዎትም፤ ደስ ይበልዎት» አላት። ደግ ቃል የተናገረ መስሎት ነው። እርሷ ግን ቤት ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ አለቀሰች። «እንግዲያው ይህን ሁሉ ዘመን ስዋሽ ኖሬያለሁ ማለት ነዋ» አለችኝ።

እኔም የሐኪሙን ቃል ሳሰላስል ሰንብቼ፣ ስሕተቱ የእርሱ የብቻው እንዳልሆነ ተረዳሁ። ሥሩ ሩቅ ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት፣ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1664 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ በታተመው ስለ ሰው በጻፈው መጽሐፉ፣ ሕመምን በገመድ እንደሚደወል ደወል አድርጎ ገልጾታል። እሳት እግርን ሲነካ ከእግር እስከ አንጎል የተዘረጋው ክር ይሳባል፤ ላይ ያለው ደወል ይጮኻል። በዚህ አስተሳሰብ ቁስሉ ትልቅ ከሆነ ሕመሙ ትልቅ ነው፤ ቁስል ከሌለ ግን ሕመም የለም። ሕመም አለብኝ የሚል ካለም ወይ ፈሪ ነው ወይ ውሸታም ነው ማለት ነው። የዴካርትን ስም ሰምተው የማያውቁ ሰዎችም እንኳ እስከ ዛሬ በዚሁ ሕግ ይፈርዳሉ።

ይህ ሕግ እንደማይሠራ ግን የጦር ሜዳ አጋልጦታል። ቢቸር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከባድ ቁስል የቆሰሉ ወታደሮችን፣ «ማስታገሻ ትፈልጋላችሁን?» እያለ ቢጠይቃቸው አብዛኞቹ አንፈልግም አሉት። ይህንንም በ1946 እ.ኤ.አ. ጽፎ አወጣ። ቁስሉ እያለ ሕመሙ የለም። በተቃራኒው ደግሞ እግሩ የተቆረጠ ሰው የሌለውን እግር ሲያመውና ሲያሳክከው ይኖራል። በአገራችን የጦር ጉዳተኞች አጠገብ የኖረ ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። እዚህ ላይ ደግሞ ሕመሙ እያለ እግሩ ራሱ የለም።

በ1965 እ.ኤ.አ. ሜልዛክና ዎል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፣ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ በር አለ የሚል አሳብ አቀረቡ። ከአካል የሚመጣው የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ሲወጣ በዚህ በር ያልፋል፤ በሩም ይከፈታል፣ ይዘጋል። የመዳሰስ ስሜት በሩን ገርበብ ያደርገዋል። ከላይ ከአንጎል የሚወርደው ትእዛዝም እንዲሁ ያጠብበዋል ወይም ይበረግደዋል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ መግባት አያሻም። ሕፃን ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ እናቱ እፍ እፍ እያለች ታሸዋለች፤ «አይዞህ» ትለዋለች፤ መሬቱንም «ምነው ልጄን ጣልህ!» ብላ በመዳፏ ትመታዋለች። ማሸቱ ከታች፣ አይዞህ ማለቷ ከላይ በሩን ይገፋሉ። የንድፈ አሳቡ ዝርዝር በኋላ ብዙ ተሻሽሏል፤ ዋናው ነገር ግን ጸንቶ ቆሟል።

አሁን ወደ ሥር ሰደዱ ሕመም እንምጣ። ሥር የሰደደ የሚባለው ከሦስት ወር ያለፈ ሕመም ነው። የግቢ ውሻን አስቡ። ሌባ በመጣ ሌሊት ቢጮኽ ሥራው ነው፤ እንመርቀዋለን። አንዳንዱ ውሻ ግን ሌባው ከሄደ ከዓመት በኋላም ቅጠል ሲወድቅ ይጮኻል፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይጮኻል። በ1983 እ.ኤ.አ. ዎልፍ የተባለው ተመራማሪ ይህን የመሰለ ነገር በኅብለ ሰረሰር ውስጥ መኖሩን አሳየ። የሕመም ነርቮች ደጋግመው ከተነኩ በኋላ ይነቃሉ፤ ለጥቂቱም ነገር ብዙ ይጮኻሉ። ራጅ ደግሞ አጥንትን ያሳያል እንጂ የነርቭን ጩኸት አያሳይም። ስለዚህ ሕመምን የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. ትርጓሜውን ሲያሻሽል፣ ሕመም የአካልና የመንፈስ ገጠመኝ መሆኑን፣ ጉዳት ሳይታይም ሊኖር እንደሚችል፣ አመመኝ የሚል ሰው ቃልም መከበር እንዳለበት ጻፈ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብም ሥር ለሰደደ ሕመም የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል። አክስቴ ውሸታም አልነበረችም፤ በመዝገብ ላይ ቁጥር አላት።

እዚህ ላይ የእኛ ፋኩልቲ ነገር ይመጣል። ሜልዛክ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣው መጠይቅ የተሠራው ሕሙማን ሕመማቸውን ከሚገልጹባቸው ቃላት ነው። ለሐኪም፣ «በጣም ያመኛል» ከማለት ይልቅ እንዴት እንደሚያም መንገር ይበልጣልና። በዚህ ነገር አማርኛ ባለጠጋ ነው። ይወጋኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይፈልጠኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይለበልበኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይጨመድደኛል እንላለን፤ አንዱም የሌላው ምትክ አይደለም። የሚለበልብና የሚነዝር፣ ከዚያም የሚያደነዝዝ ሕመም ብዙ ጊዜ የነርቭ ነው፤ መድኃኒቱም የተለየ ነው። ጠዋት ጠዋት የሚቆረጥም መገጣጠሚያ ሌላ ነገር ይናገራል። ደግሞም ሰዋስዉን ተመልከቱ። «ራሴን አመመኝ» ስንል ባለቤቱ ሕመሙ ነው፤ እኛ ተሳቢ ነን። ሕመሙ ይመጣል፣ ይይዛል፣ ይለቅቃል። ይህ ያለ ምክንያት የመጣ አነጋገር አይመስለኝም። ነገር ግን በከተማችን ሐኪም ቤቶች ወረፋው ረጅም ነው፤ ሐኪሙም ፋታ የለውም፤ እነዚህ ሁሉ ቃላት «ወገብ ሕመም» በሚሉ ሁለት ቃላት ይቀበራሉ። ከመካከላችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያጣ ካለ የየአውራጃውን የሕመም ቃላት ቢሰበስብ ለሐኪሞችም ስንቅ ይሆናቸው ነበር።

እንግዲህ ስለ ሰፈራችን ልናገር። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው በሙቅ ውሃ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍልውሃው አካባቢ ቤት እንዲሠራ ማድረጋቸውን፣ ስሙንም አዲስ አበባ ማለታቸውን ሁላችን ተምረናል። ጣልያን ደግሞ በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤቶች ሲሠራ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ስም «ካዛ ኢንችስ» ካዛንቺስ የሚለው ስም ተገኘ። እንግዲህ ከካዛንቺስ ተነሥቶ በእግሩ የሚሄድ ሰው በአንድ ቀን ፍልውሃን፣ የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልን፣ የዑራኤልንና የቂርቆስን አብያተ ክርስቲያናት ሊሳለም ይችላል፤ በመንገዱም ላይ ወጌሻ፣ ባህላዊ መድኃኒት አዋቂና የመድኃኒት መደብር አያጣም። ያጣነው በር አይደለም። ያጣነው በሮቹን የሚያገናኝ ሰው ነው። አክስቴ ለሐኪሙ ዋግምቱን ደበቀች፣ ይቆጣኛል ብላ። ለወጌሻው የሐኪሙን ኪኒን ደበቀች። ለእኛ ደግሞ ሁሉንም ደበቀች፣ ገንዘብ አባካኝ እንዳንላት። የተቀናጀ ሕክምና የሚባለው ነገር እኔ እንደ ገባኝ ሁሉን ቀላቅሎ መዋጥ አይደለም። አንድ ሰው ሁሉን ጠይቆ፣ ሁሉን ሰምቶ፣ የሚጠቅመውን ይዞ የሚጎዳውን ማስጣሉ ነው።

የሚጎዳውም ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው ገላ ላይ የዋለ ምላጭ ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን ያስተላልፋል። ስብራትን አጥብቆ የሚያስር ወጌሻ እጅና እግርን እስከ መቆረጥ ያደርሳል። ሙቅ ውሃ የጠነከረ ጡንቻን ያላላል፤ ነገር ግን የስኳር በሽታ እግሩን ያደነዘዘበት ሰው ሳይሰማው ይቃጠልበታል። ዘመናዊው ኪኒንም ከዚህ ነጻ አይደለም። ዳይክሎፌናክን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ወራት ሙሉ የሚውጥ ሰው ጨጓራው ሊደማ፣ ኩላሊቱ ሊጎዳ፣ የደም ግፊቱም ሊጨምር ይችላል። ደግሞ የወገብ ሕመም ሁሉ የንቁ ነርቭ ጩኸት ነው ብሎ መተኛትም አይገባም። ሌሊት የሚያልበው፣ ሥጋው የሚቀንስና የሚያተኩሰው ሰው የአከርካሪ ቲቢ ሊኖርበት ይችላልና ፈጥኖ ይመርመር። ያልተፈላ ወተት የሚጠጣም የብሩሴላን በሽታ ያስብ። እግሩ የሰነፈ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አይደር።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ የአክስቴም ቤት አብሮ ፈረሰና ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ገባች። ምጣዱ ቀረ፤ ሊጥ ማንሣትም ቀረ። በዴካርት ሕግ ቢሆን ወገቧ መዳን ነበረበት፤ ግን ባሰባት። ጧት ቡና የሚጠራት የለም፤ ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ ያመኛል ብላ ከአልጋ አትነሣም፤ ባልተነሣች ቁጥርም ጡንቻዋ ይሰንፋል፤ ጡንቻዋ በሰነፈ ቁጥር ደግሞ ያማታል። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ ማለት ነው።

በመጨረሻ ይዣት የሄድሁት አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ነበር። ይህች ሴት ራጁን ከማየቷ በፊት፣ «እማማ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ያጫውቱኝ» አለች። እንዴት እንደሚያማት፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ ማን እንደሚጠይቃት፣ ምን ምን እንደሞከረች ጠየቀች። አክስቴም ሳትቆጣት አትቀርም ብዬ የፈራሁላትን ሁሉ፣ ዋግምቱንም ጸበሉንም አወጣች። ከቦርሳዋ ደግሞ ከግፊት ኪኒኗ ጋር ስትውጠው የኖረችውን ዳይክሎፌናክ ሳወጣ ሴትዮዋ ደነገጠችና፣ ወደ ሐኪም ልካ መድኃኒቱን አስለወጠቻት። ጸበሉን አልከለከለቻትም። ማሸቱንም «ቀስ ብሎ ከሆነ ይሁን፤ ማጠፍና ማንቋቋት ግን አይሆንም» አለች። የገዛችውን የወገብ ቀበቶ አስጣለቻት። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ትምህርትን፣ የአካል እንቅስቃሴን፣ ማሸትንና የመንፈስ ሕክምናን ሲደግፍ የወገብ ቀበቶን አልደገፈም። ይህን በኋላ አንብቤ በሴትዮዋ ተደነቅሁ።

ያዘዘችው ዋና መድኃኒት ግን እግር ነው። ከበር እስከ ሁለተኛው የመብራት ምሰሶ ሄዶ መመለስ፤ በየሳምንቱ አንድ ምሰሶ መጨመር። ደህና በዋለችበት ቀን አብዝታ እንዳትሄድ፣ በከፋባት ቀንም ፈጽማ እንዳትቀር በጥብቅ አዘዘች። ደህና የዋለ ሕመምተኛ ቤቱን ሁሉ አጥቦ፣ በማግሥቱ አልጋ ላይ ይወድቃልና። ማታ ማታ ሙቅ ጨርቅ፤ ከመተኛት በፊት ቀስ ያለ ረጅም ትንፋሽ። ደግሞም፣ «የካዛንቺስ ጎረቤቶችዎ የት ደረሱ?» ብላ ጠየቀቻት። ተበትነዋል፤ የጽዋ ማኅበራቸው ግን አልፈረሰም። በየወሩ በተራ ይሰበሰባሉ። አክስቴ ሁለት አውቶቡስ መቀያየር አልችልም ብላ ቀርታ ነበር። ሴትዮዋ ማኅበሩን እንደ መድኃኒት በወረቀት ላይ ጻፈችላት፤ እኔም በወር አንድ ቀን አድራሽ ሆኜ ተሾምሁ።

ሕመሟ አልጠፋም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ጋዜጣ ላይ እንደሚወጣ የመድኃኒት ማስታወቂያ እሆን ነበር። ባለሙያዋም፣ «አጠፋልዎታለሁ» አላለቻትም፤ «ከእርሱ ጋር የሚኖሩበትን ቦታ እናሰፋለን» ነው ያለችው። አክስቴ በመጀመሪያ በዚህ ቃል ተቀይማ ነበር። አሁን ግን ሌሊት አምስት ሰዓት ያህል ትተኛለች፤ ባለፈው ወርም ለማኅበሩ ዳቦ የደፋችው ራሷ ናት።

ባለፈው እሑድ አብሬያት ስሄድ አሥራ አራተኛው ምሰሶ ላይ ደረስን። ቆም ብላ ወገቧን ያዘች። ወጋሽ ወይ ብዬ ብጠይቃት ጥቂት አዳመጠችና፣ «አይ ልጄ፣ ዛሬስ ይጠዘጥዘኛል እንጂ አይወጋኝም» አለችኝ። ቃሉን በደብተሬ ላይ ጻፍሁት፤ ከዚያም ተመለስን።