ማሽኑ ቀደመ፣ ማመልከቻው ዘገየ

ኤስቲ ፓጋር የተባለው የኢስቶኒያ ዳቦ አምራች ኩባንያ እ.ኤ.አ ኦገስት 28 ቀን 2008 አዲስ የዳቦ ማምረቻ መሥመር በ2 ሚሊዮን 770 ሺህ ዩሮ ለመግዛት ውል ተዋዋለ። ከ57 ቀናት በኋላ፣ ኦክቶበር 24 ቀን፣ ለዚሁ መግዣ ከመንግሥት ድጎማ እንዲሰጠው አመለከተ። የአገሪቱ ድጎማ ሰጪ ተቋምም በቀጣዩ ዓመት ጥያቄውን ተቀብሎ፣ በዩሮ ሲሰላ 526 ሺህ 300 ፈቀደለት።

ነገሩ የተበላሸው በጃንዋሪ 2014 ነው። ይኸው ተቋም የሰጠውን ገንዘብ ከ98 ሺህ 454 ዩሮ ወለድ ጋር እንዲመለስለት ጠየቀ። ምክንያቱ አጭር ነበር፤ ውሉ ከማመልከቻው ቀድሟል። ክርክሩ ሉክሰምበርግ እስከሚገኘው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ።

ለመሆኑ ሁለት ወር የማይሞላ ልዩነት ይህን ያህል የሚያስከፍለው ለምንድን ነው? በኅብረቱ ደንብ መሠረት እንዲህ ያለው ድጎማ የሚሰጠው ኩባንያው ያለ ድጎማው የማያደርገውን ሥራ እንዲሠራ ለማነሣሣት ነው። ከማመልከቱ በፊት የማያፈናፍን የግዥ ውል የፈረመ ኩባንያ ግን ድጎማው ቢመጣም ባይመጣም ማሽኑን እንደሚገዛ ራሱ መስክሯል ማለት ነው። ዋጋ ማጠያየቅና የአዋጭነት ጥናት ማስጠናት አይከለከልም፤ የሚከለከለው ፊርማው ነው።

ማርች 5 ቀን 2019 የተሰጠው ፍርድ ለብዙዎች ያልተጠበቀ ነገርም ይዟል። ድጎማ ሰጪው መሥሪያ ቤት ራሱ ደንቡን ተሳስቶ ቢተረጉምና ገንዘቡን ቢፈቅድ፣ ተቀባዩ “መንግሥት ፈቅዶልኛል” ብሎ ሊከራከር አይችልም። መሥሪያ ቤቱም ስህተቱን ሲያውቅ ማንም ሳያዘው ገንዘቡን የማስመለስ ግዴታ አለበት። ስህተቱ የባለሥልጣኑ ሆኖ ዕዳው የነጋዴው ነው ማለት ነው።

ድጎማ የሚባለው የቱ ነው?

የኅብረቱ የአሠራር ስምምነት አንቀጽ 107 አራት ነገሮች ሲገጣጠሙ ድጎማውን ይከለክላል። ገንዘቡ ከመንግሥት የመጣ ሲሆን፣ ለተመረጡ ድርጅቶች ጥቅም ሲያስገኝ፣ ተቀባዩ ንግድ ነክ ሥራ የሚሠራ ሲሆን፣ እንዲሁም ውድድርንና በአባል አገሮች መካከል ያለውን ንግድ ሲያዛባ ነው። ኮሚሽኑ አስቀድሞ ካልፈቀደው ወይም በጅምላ ነፃ ካደረጋቸው ዓይነቶች ካልተመደበ ሕገወጥ ይሆናል።

“ገንዘብ” ሲባል ጥሬ ብር ብቻ የሚመስለው ይሳሳታል። የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ በርካሽ መከራየት፣ የመንግሥት ዋስትና፣ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ከገበያ ዋጋ በታች መጠቀም ሁሉ ድጎማ ሊሆን ይችላል።

በሽርክና ፕሮጀክት ውስጥ አደጋው የሚደበቀውም እዚህ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ፣ ማዘጋጃ ቤትና ሁለት ሦስት ኩባንያዎች ተጣምረው በሕዝብ ገንዘብ ምርምር ሲያካሂዱ፣ ገንዘቡ በስም ለዩኒቨርሲቲው ቢሰጥም ጥቅሙ በጓሮ በር ወደ ኩባንያው ሊሻገር ይችላል። ይህ እንዳይሆን ኩባንያው ሙሉ ወጪውን መሸፈን፣ ወይም የፓተንት ባለቤትነቱ እንደየአስተዋፅኦው መከፋፈል፣ ወይም ኩባንያው ለሚወስደው መብት የገበያ ዋጋ መክፈል አለበት። ይህ በሽርክና ውሉ ላይ ሥራው ሳይጀመር መጻፍ ይኖርበታል። ፓተንቱ ከተገኘ በኋላ ድርሻ መነጋገር እህል ከተበላ በኋላ ቁና እንደመፈለግ ነው።

በአግባቡ ለተዘጋጀ ግን ሽርክና ያተርፋል። አንድ አነስተኛ ኩባንያ ብቻውን አዲስ ምርት ሞክሮ ለገበያ የሚያበቃ ልማት ቢያካሂድ፣ ሊደጎም የሚችለው ከተፈቀደው ወጪ እስከ 45 በመቶ ነው። ከወጪው ቢያንስ 10 በመቶውን ከሚሸፍንና ውጤቱን የማሳተም መብት ካለው የምርምር ተቋም ጋር ሲጣመር ጣሪያው ወደ 60 በመቶ ከፍ ይላል። በ1 ሚሊዮን ዩሮ ወጪ ላይ ልዩነቱ 150 ሺህ ዩሮ ነው።

ትንሹም ይደመራል

አነስተኛ ድጎማ፣ በደንቡ ቋንቋ “ዲ ሚኒሚስ”፣ ከክልከላው ነፃ ነው። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ጣሪያው በሦስት ዓመት ውስጥ ከአንድ አባል አገር 300 ሺህ ዩሮ ነው፤ ቀድሞ 200 ሺህ ነበር። ብዙዎች የሚሳሳቱት በድምሩ ላይ ነው። እናት ኩባንያውና የሚቆጣጠራቸው እህት ኩባንያዎች እንደ አንድ ድርጅት ይቆጠራሉ። በአንዱ ፕሮጀክት የተገኘው በሌላው ላይ ይደመራል። በአውሮፓ አነስተኛ ንግድ የከፈቱ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም እንደማንኛውም ነጋዴ በዚሁ ይዳኛሉ፤ ደንቡ የሚያየው የሥራውን ዓይነት እንጂ የባለቤቱን ትውልድ አይደለም።

ድንበር ተሻጋሪ በሆኑ የኅብረቱ የትብብር ፕሮጀክቶች ደግሞ በነፃ ሥልጠና ወይም ምክር ለሚጠቀሙ ኩባንያዎች የተለየ መንገድ አለ፤ በአንድ ፕሮጀክት ለአንድ ኩባንያ እስከ 22 ሺህ ዩሮ ይፈቀዳል።

የቀረው የወረቀት ጉዳይ ነው። ማመልከቻው የገባበት ቀን፣ የመጀመሪያው ውል የተፈረመበት ቀን፣ ቀደም ሲል ስለተገኙ ድጎማዎች የተሰጠ ማረጋገጫና የፓተንት ክፍፍሉ በአንድ ፋይል መቀመጥ አለባቸው። ኮሚሽኑ ሕገወጥ ድጎማን የማስመለስ ሥልጣኑ 10 ዓመት ይቆያልና፣ ፕሮጀክቱ ተዘግቶ ሪባኑ ከተቆረጠ ከብዙ ጊዜ በኋላም ፋይሉ ሊጠየቅ ይችላል።