ድምፅዋ የሚሰማ መልኳ የማይታይ ወፍ

በኢትዮጵያ ደጋ፥ ጽድና ኮሶ ቀርከሃም በበቀለበት ዱር ውስጥ፥ አንዲት ግራጫ ወፍ ትኖራለች። ከድንቢጥ ትበልጣለች፥ ከርግብ ግን ታንሳለች። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር ዱር አትገኝም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1843 ዓመት ጌራን ሜንቪል የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ መልኳን ጽፎ፥ በኢትዮጵያ በተጓዘው በጋሊኒዬ ስም በላቲን ቋንቋ ሰየማት። እንግሊዞች የድመት ወፍ ይሏታል።

ይህችን ወፍ በዓይን ብቻ የሚፈልግ ሰው በከንቱ ይደክማል። ኮሽታ በሰማች ጊዜ ከቁጥቋጦው መካከል ገብታ ዝም ትላለችና። ትውጣ ብሎ ድንጋይ የሚወረውር ልጅማ የዱሩን ወፍ ሁሉ ያስበረግጋል። አስቀድሞ በጆሮ መፈለግ ይገባል። ማለዳ ከጽድ ሥር ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው፥ ወንዱ በጠራ ድምፅ ሲያዜም ይሰማል። ሴቲቱም በምድጃ አጠገብ የተኛች ድመት ከጉሮሮዋ እንደምታሰማው ባለ ዝቅተኛ ድምፅ ትመልስለታለች፤ እርሱ እንደ መሪ፥ እርስዋም እንደ ተቀባይ ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለት ዓይነት ወፍ የሰማ ይመስለዋል።

ከዚህ በኋላ ሳይነሣ፥ ድምፁ ወደ ወጣበት በተለይም ፍሬ ወደ ያዘው ዛፍ ይመልከት፤ ምግብዋ ፍሬና ልዩ ልዩ ነፍሳት ነውና። ቅጠሉ ተነቃንቆ ግራጫ ጀርባ ቢታየው ግን አገኘኋት አይበል፤ ግራጫ ወፍ ብዙ ነው። ግንባርዋ ነጣ ማለቱን ያስተውል፤ ጅራትዋንም ስታነሣ ከሥሩ ያለው ላባ እንደ ዳማ ፈረስ የቀላ መሆኑን ይይ። በምድር ላይ ቅጠል የምትገለብጥ፥ ደረትዋ ብርቱካን የመሰለ፥ በክንፍዋም ነጭ ምልክት ያለባት ብትሆን፥ እርስዋ ሌላ ወፍ ናት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለከንቱ አይደለም። የደጋው ዱር ለእርሻ፥ ለማገዶና ለከሰል ይቈረጣል፤ ዱሩን የሚጠብቁ ሰዎችም ወፊቱ በየትኛው ስፍራ እንደ ቀረች ለማወቅ ያዩ ሰዎች በጻፉት ይታመናሉ። አንድ ሰው ሳያይ አየሁ ብሎ ቢጽፍ፥ ከዚያ ዱር ጠፍታ ሳለ አለች ትባላለች፤ የሚፈልጋትም አይኖርም። ስለዚህ ድምፅዋን ብቻ የሰማ ሰው «ሰማሁ» ብሎ ይጽፋል፤ የጅራትዋን ሥር ያየ ደግሞ «አየሁ» ይላል።

በባሌ፥ በዲንሾ ባለው የጽድና የኮሶ ዱር፥ ባልና ሚስቱ ዛሬም ይቀባበላሉ። እዚያ የሚሄድ ሰው ማልዶ ይነሣ፥ ጋቢም ይያዝ፤ ብርዱ ጽኑ ነውና።