የቤዝቦል ካርድ ዋጋው ከምን ይመጣል?

አሮጌ ዕቃ ሁሉ ውድ አይደለም። የአሜሪካ የቤዝቦል ካርድ ገበያ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሰብሳቢዎች ዋጋ የሚቆርጡት ሦስት ነገሮችን አይተው ነው።

አንደኛው ብርቅነት ነው። የአሜሪካ ቶባኮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1911 በሲጋራ ፓኮ ውስጥ የተጫዋቾችን ካርድ ያወጣ ነበር። የሆነስ ዋግነር ካርድ ግን ኅትመቱ ቶሎ በመቋረጡ በጣም ጥቂት ነው። አንዱ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

ሁለተኛው የተጫዋቹ ዝና ነው። በአንድ ዓመት ከታተሙት መካከል እንኳ ገዢ የሚሻማው በታላላቆቹ ነው።

ሦስተኛው ይዞታ ነው። ጠርዙ ያልተጎዳ፣ ሥዕሉ መሐል ላይ የዋለ፣ ያልታጠፈ ካርድ ይመረጣል። መርማሪ ድርጅቶች ከ10 ነጥብ ይሰጣሉ። 9.5 ያገኘው የ1952ቱ የሚኪ ማንትል ካርድ በ2022 ጨረታ 12.6 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ያው ካርድ ተጎሳቁሎ ሲቀርብ ዋጋው እጅግ ዝቅ ይላል።

ይህ ልዩነት ማጭበርበርንም ይጋብዛል። ታዋቂው አጫራች ቢል ማስትሮ አንድ የዋግነር ካርድ ጠርዙን ቆርጦ እንዳሳመረ በ2013 አምኗል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የታተሙት ካርዶችስ? አታሚዎች ገበያውን አጥለቀለቁት፤ ገዢውም ነገ ይወደዳል ብሎ በካርቶን አከማቸ። ዛሬ አብዛኛው የረባ ዋጋ የለውም። ሁሉም ያስቀመጠው ዕቃ ብርቅ አይሆንምና፣ ገዢ ከዕድሜው በፊት ስንት እንደቀረ ይጠይቅ።