በሰባተኛው ወር ወደ ቆላ መዛወር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ባለቤቴ በሥራ ስለተዛወረ ከደብረ ብርሃን ወደ አጣዬ ቤት ልንቀይር ነው። ጉዞው ልጄን ይጎዳብኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ እርግዝናዎ ጤናማ ከሆነ ጉዞው ራሱ ብዙም አያሰጋም፤ መንገድ ላይ ወረድ እያሉ እግርዎን ያፍታቱ። ከባድ ዕቃ ማንሳቱን ግን ለሌሎች ይተዉ። አጣዬ ቆላ ስለሆነ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ወባ ነው። ደጋ የኖረ ሰው ወባን የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ነው፤ በነፍሰ ጡር ላይ ሲሆን ደግሞ ደም ማነስን ያስከትላል፣ ልጁም ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። ስለዚህ ከዕቃው ሁሉ አስቀድመው አጎበሩን ያሰቅሉ። የእርግዝና ክትትል ካርድዎን ይዘው እንደደረሱ ጤና ጣቢያ ይመዝገቡ። ትኩሳት፣ ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።