ዴርቶጋዳ እና “እውነት ነው እንዴ?” የሚለው ጥያቄ

ስለ ልብ ወለድ አጻጻፍ ስንማር ሴራ፣ ንግር፣ ምልሰት፣ ልብ ሰቀላ የሚሉትን ቃላት ከነትርጉማቸው ሸምድደን ፈተናውን እናልፋለን፤ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሳቸው የለም። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ መካከል ሁለቱን፣ ልብ ሰቀላንና ንግርን፣ ብዙዎቻችሁ ባነበባችሁት አንድ መጽሐፍ ላይ ለማየት እሞክራለሁ። መጽሐፉ የይስማዕከ ወርቁ “ዴርቶጋዳ” ነው። በ2001 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ በተለይ ወጣቱ ተሻምቶበታል፤ “ራማቶሓራ” እና “ዣንቶዣራ” የተባሉት ተከታዮቹም መጥተዋል። እኔ ያነበብኩት ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ፣ ስንት እጅ እንዳለፈ የማይታወቅ ቅጂ ነበር።

ያደግኩት አዲስ ከተማ፣ ከአንዋር መስጊድ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። መርካቶ ውስጥ መጽሐፍ የሚነበበው ጸጥ ባለ ክፍል አይደለም። ገበያ ሲቀዘቅዝ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ በተሸካሚ ጩኸትና በመኪና ጥሩምባ መሐል ነው። ደንበኛ ሲመጣ አንባቢው ጣቱን ገጹ ውስጥ ሰክቶ ዋጋ ይከራከራል፤ ደንበኛው ሲሄድ ካቆመበት ይቀጥላል። እንዲህ ያለውን አንባቢ ይዞ ማቆየት ቀላል እንዳይመስላችሁ! አሥር ጊዜ ተቋርጦ አሥር ጊዜ የሚመለስበት መጽሐፍ ልብ ሰቀላው የሠራለት መጽሐፍ ነው። “ዴርቶጋዳ” በዚህ በኩል ሙሉ ማርክ ያገኛል። አንዱን ጥያቄ ሳይመልስ ሌላውን ይከፍታል፤ ሳይንቲስቱ፣ መነኮሳቱ፣ የውጭ ሰላዮቹ፣ የጣና ደሴቶች፣ ሁሉም እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ላላነበባችሁት ስል ምስጢሩን አልነካም።

ወደ ንግር ስንመጣ ግን ነገሩ ይለያል። የምስጢር ልብ ወለድ ከአንባቢው ጋር ያልተጻፈ ውል አለው። ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1929 ይህን ውል በአሥር ሕግ አስቀምጦት ነበር። ከሕጎቹ አንዱ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ አንባቢውም ወዲያው እንዲያየው ያስገድዳል። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ አጋታ ክሪስቲ ስለ ሮጀር አክሮይድ ግድያ በጻፈችው ልብ ወለድ አጨራረስ የተነሣ “አታለለችን” ያሉ አንባቢዎች ነበሩ፤ ሌሎቹ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሰው ሲያነቡ ፍንጩ ፊታቸው እንደነበረ አይተው አደነቁ። ጥሩ ንግር ማለት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ስታነበው አይታይህም፣ ሁለተኛ ስታነበው ያፍጥጥብሃል።

በእኔ አስተያየት “ዴርቶጋዳ” ሁለተኛ ሲነበብ ያን ያህል ፍንጭ አያወጣም። አንባቢው ከገጸ ባሕርያቱ እኩል እንዲያስብ ሳይሆን እንዲደነቅ ነው የሚጋበዘው። “የስለላ ጀብዱ እንጂ የወንጀል ምርመራ አይደለም፣ በሌላው ሕግ አትመዝኚው” የሚለኝ ይኖራል፤ እውነት አለው። ጋዜጠኛው ማሞ ውድነህ ከተረጎሟቸው የስለላ መጻሕፍት ጀምሮ አማርኛ አንባቢ ለሰላይ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ይሁንና ምስጢር እስካለ ድረስ ፍንጭ መጠየቅ መብታችን ይመስለኛል።

አሁን እኔን ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልግባ። ሸራ ተራ የሚሠራ ጎረቤታችን መጽሐፉን ሲጨርስ ስለ አጨራረሱም ስለ ቋንቋውም አልጠየቀኝም። “አንቺ ጋዜጠኝነት አይደል የምትማሪው? ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?” ነው ያለኝ። ጥያቄው የየዋህ ሰው ጥያቄ አይደለም። መጽሐፉ ራሱ ይህን እንድንጠይቅ አድርጎ ነው የተሠራው። ሻጊዝ እጅጉ የሚለውን ስም ያየ አንባቢ በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ውስጥ የሠሩትን፣ በ1998 ዓ.ም. ያረፉትን የቦንጋ ተወላጅ ኢንጂነር ቅጣው እጅጉን ማሰቡ አይቀርም። ጣናም የፈጠራ ቦታ አይደለም። ዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ፋሲልንና የሌሎች ነገሥታትን አፅም የያዘ ገዳም ነው፤ ጣና ቂርቆስ ደግሞ ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት ያረፈችበት ነው ተብሎ ይታመናል። ይህ ሁለተኛው ትውፊት ነው፤ የመጀመሪያው ሄዶ የሚታይ ነገር ነው። ልብ ወለዱ ግን ትውፊቱንም፣ የሚታየውንም፣ ደራሲው የፈጠረውንም በአንድ ወንፊት ያበጥራቸዋል።

ደራሲውን በዚህ አልከሰውም፤ ልብ ወለድ ብሎ ነው የጻፈው፣ መብቱ ነው። ዳን ብራውን “ዘ ዳቪንቺ ኮድ”ን እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያወጣ በሌላው ዓለም የሆነውም ይኸው ነው፤ አንባቢው ፓሪስ ድረስ ሄዶ በሉቭር ሙዚየም ውስጥ የመጽሐፉን ዱካ ይፈልግ ነበር። የኛ ሥራ ከደራሲው ተቃራኒ ነው። እኛ የተገለበጠ ፒራሚድ ብለን የምንማረው መልሱን መጀመሪያ፣ ምንጩንም አብሮ ማስቀመጥን ነው። ደራሲ መልሱን በደበቀ ቁጥር ይወደዳል፣ ጋዜጠኛ ከደበቀ ያበቃለታል። ችግሩ ሁለታችንም የምንጽፈው ለአንድ አንባቢ መሆኑ ነው፤ ያ ጆንያ ላይ የተቀመጠው ልጅ ጠዋት ጋዜጣ፣ ከሰዓት ልብ ወለድ ያነባል። የትኛው ይዞ ያቆየዋል? እንደኔ ግምት ልብ ወለዱ። ስለዚህ ሻጊዝን አብጠርጥሮ ያውቃል፣ ቅጣውን ግን በስም ብቻ፣ ያውም በጭላንጭል። እውነተኛው ሰው በፈጠራው ሰው ተሸፍኗል ማለት ነው።

ለጎረቤቴ የትኛው ትውፊት፣ የትኛው ታሪክ፣ የትኛው ፈጠራ እንደሆነ በማውቀው መጠን ለያይቼ ነገርኩት። ይከፋዋል ብዬ ነበር፣ ጭራሽ ደስ አለው። ስለ ጠፈሩ መሐንዲስ ግን አልለቀቀኝም፤ ቦንጋ ተወልደው እንዴት እዚያ እንደደረሱ፣ ምን እንደሠሩ፣ ማን እንደጻፈው ጠየቀኝ። በመጨረሻ ደንበኛ መጣና ተነሣ፤ ሸራውን እየለካ “እሺ፣ የሳቸውንስ ታሪክ የት ነው የማገኘው?” አለኝ።